አካል የሚያድሰውና የማያድሰው፦ የጎልማሳና የሽል ግንደ ሕዋሳት ድርሻ

የዓይን ብሌን ከነጩ ክፍል ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ጠርዝ ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሕዋሳት የብሌኑን የላይ ሽፋን ዕድሜ ልክ ሲያድሱ ይኖራሉ። ኖራ ወይም አሲድ ይህን ጠርዝ ካቃጠለው ግን ብሌኑ ይደፈርሳል፣ የደም ሥር ይወርረዋል፣ እይታም ይጠፋል። የሟች ብሌን ቢተከልለት እንኳ አዳሾቹ ስለሌሉ አይጸናም። ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ በጣሊያን ያዳበሩት ሕክምና ከጤናማው ዓይን ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሚሊሜትር የምትሆን ቅንጣት ወስዶ፣ በቤተ ሙከራ አባዝቶ፣ ለተጎዳው ዓይን የሚመልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የ112 ሕሙማን ጥናት 76.6 በመቶ በሚሆኑት ዓይኖች የብሌኑ ሽፋን በዘላቂነት ታድሷል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ አብሮት የወጣው ግኝት የበለጠ ያስተምራል። ከተባዙት መካከል እውነተኛዎቹ አዳሾች፣ ማለትም ግንደ ሕዋሳት፣ ከ3 በመቶ በላይ በሆኑበት ተከላ 78 በመቶ ተሳክቷል፤ ከዚያ ባነሱበት ግን የተሳካው 11 በመቶ ብቻ ነው። ሕክምናው በ2015 የአውሮፓን ፈቃድ አገኘ።

የጎልማሳና የሽል ግንደ ሕዋሳት፣ በተለምዶ ስቴም ሴል የምንላቸው፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ሲቀርቡ ኖረዋል። ይህ አቀራረብ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛው እንደሚጠቅም የሚወስነው የተጎዳው የአካል ክፍል ነው። አካል በተፈጥሮው ሲያድሰው የሚኖረው ክፍል የራሱ አዳሾች አሉት፤ የሕክምናው ጥበብ እነርሱን ማግኘት፣ መጠበቅና ማባዛት ነው።

ደም ዋነኛው ማስረጃ ነው። ዶናል ቶማስ በ1957 ያሳተመው የመጀመሪያው የአጥንት መቅኒ ሙከራ ውጤቱ አሳዛኝ ነበር፤ ነገር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ቀጥሎ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ2023 ደግሞ የሕመምተኛውን የራሱን መቅኒ ግንደ ሕዋሳት አውጥቶ ዘረ መላቸውን በማረም ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ የሚያክም መድኃኒት በብሪታንያና በአሜሪካ ጸደቀ። ከሌላ ሰው መቅኒ መቀበል ግን ተመሳሳይ ለጋሽ ይጠይቃል። በ2014 በአሜሪካ በወጣ ጥናት መሠረት በመዝገብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰል ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዝርያ ነጮች 75 በመቶ ሲሆን፣ ለጥቁር ዝርያ ቡድኖች ከ16 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነው። በውጭ ያለው ወገናችን በለጋሽ መዝገብ ቢመዘገብ ይህን ክፍተት ከሚያጠብቡት አንዱ ይሆናል።

አንጎል፣ ቆሽትና ሬቲና ግን የተለዩ ናቸው። በፓርኪንሰን የሞቱትን ዶፓሚን አመንጪ ነርቮች የሚተካ ክምችት በጎልማሳ አንጎል ውስጥ የለም። የሽል ሕዋስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጄምስ ቶምሰን በ1998 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ከማሕፀን ውጭ በማዳቀል የተገኙና ለጋሾች የፈቀዷቸውን ሽሎች ተጠቅሞ፣ ከ14 የውስጥ ሕዋስ ክምችቶች 5 የሽል ግንደ ሕዋስ ዘሮችን አወጣ። ሽሎቹ በፈቃድ የተሰጡ መሆናቸው የሥነ ምግባሩን ጥያቄ ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል ብሎ የሚያምን ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ በቁም ነገር መታየት አለበት። ሌላም አደጋ አለ፦ ሁሉንም መሆን የሚችል ሕዋስ በወጉ ሳይሠለጥን ከተተከለ እጢ ያበቅላል።

ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥ ቆዳ ሕዋስን ወደ ሽል መሰል ሁኔታ ሲመልስ ብዙዎች ክርክሩ ተዘጋ አሉ። ሥራው የተጀመረው ግን በ24 ዘረ መሎች ነበር፤ ከእነርሱም 4ቱ በቂ ሆነው ተገኙ። ዕጩዎቹ በአብዛኛው የተመረጡት የሽል ግንደ ሕዋሳትን በማጥናት ከተገኘ እውቀት ነው። ሽሉን የሚተካው መንገድ የተጠረገው በሽሉ ጥናት ነው፤ ይህን ባለውለታነት ማድበስበስ ለሳይንስም ለሥነ ምግባርም አይበጅም። በ2025 በታተሙ ሁለት ጥናቶች ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ታዩ። በአሜሪካና በካናዳ 12 የፓርኪንሰን ሕሙማን ከሽል የተገኙ፣ በጃፓን ኪዮቶ ደግሞ 7 ሕሙማን በያማናካ ዘዴ የተሠሩ፣ ወደ ነርቭ የሚያድጉ ሕዋሳት ተቀበሉ። በሁለቱም ጥናቶች ሕዋሳቱ በሕይወት ቆዩ፣ እጢም አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ፈዋሽነቱን ለመፍረድ ሰፋ ያለ ሙከራ ያስፈልጋል።

የጎልማሳ ሕዋስ ከራስ ስለሚወሰድ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ያስከተለው መዘዝ በ2017 ተመዝግቧል። ማኩላቸው (የሬቲናቸው መካከለኛ ክፍል) የተጎዳ ሦስት አረጋውያን ሴቶች በፍሎሪዳ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ከሰውነታቸው ስብ የተወሰዱ ሕዋሳት በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይኖቻቸው ተወጉ። ለዚህም እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ሬቲናቸው ተላቀቀ፣ ከነበራቸው እይታም አብዛኛውን አጡ፤ ብርሃን እስካለመለየት የደረሰ ዓይንም ነበር። በስብ ውስጥ ያለ ሕዋስ ሬቲናን አድሶ አያውቅም፤ ዓይን ውስጥ ሲገባም ያንን ሥራ አልተማረም።