ስለ ተዘጋው ደጅ

በዚህ በደብራችን ኢዮቤልዩ ስለ ተከፈተው ደጅ ብዙ ይነገራል፤ እኔ ግን ስለ ተዘጋው ደጅ ጥቂት እናገር ዘንድ ወደድሁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን የተነገረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ሚያዝያ 11 ቀን በዋለው ፋሲካም ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ተመከሩ። ያን ጊዜ ብዙዎች «ሃይማኖት ጐደለ» ብለው አዘኑ፤ እኔም ከአዘኑት አንዱ ነበርሁና ነገሩን በታሪክ ልመረምረው ተነሣሁ።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ በወደቀ ጊዜ፥ እስከ 10,000 የሚደርስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ተረፉ። በአዳማ የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበርና፥ መንገደኛ በፈጠነ መጠን ደዌውም አብሮት ይፈጥናል። ሕዝቡ ምክንያቱ የከረፋ አየር ነው ብሎ ጥራጊ አቃጠለ፤ ይህም ልማድ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ተብሎ ቀረ። መጥረጉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጢሱ ከአፍ ወደ አፍ የሚያልፈውን ትንፋሽ አያግድም። የበሽታው ቫይረስ ከሰው የተለየው በ1933 እ.ኤ.አ. ነውና አባቶቻችን ባለማወቃቸው አይነቀፉም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሁለት ከተሞች ተፈተኑ። ፊላደልፊያ በሽታው ከታየባት በኋላ፥ በማግሥተ መስቀል መስከረም 18 ቀን፥ 200,000 ያህል ሰው በአደባባይ ሰልፍ ሰበሰበች፤ መሰብሰቢያዎቿንም የዘጋች በ16ኛው ቀን ነው። ሴንት ሉዊስ ግን በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤቱን፥ ቴአትሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋች። ከሁሉ በከፋው ሳምንት ከ100,000 ሰው በፊላደልፊያ 257፥ በሴንት ሉዊስ 31 ሞቱ። ይህችም ከተማ ደጇን ፈጥና በከፈተች ጊዜ ደዌው ተመለሰባት።

እንግዲህ መዝጋት ክሕደት ነውን? አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ የተጠረጠረውን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ የሚያቈይ ሐኪም ሳይሆን ካህኑ ነው። ስለዚህ ደጅን በጊዜው መዝጋት የቈየ የክህነት ሥራ ነው።

ይህ ምክር ለእኛ ለሶደሬ ሰዎች ይበልጥ ይገባል። ወደ ፍል ውኃችን ከአዳማም ከአዲስ አበባም ሰው ይመጣል፤ በአንድ ቤት ልብሱን ያወልቃል፥ በአንድ ገበታ ይበላል፥ ማታም ወደየአገሩ ይበተናል። አንድ ታማሚ በአንድ ቀን ለብዙ ከተማ ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ደጅ ሲዘጋ በደጁ የሚያድር እንጀራ አለ፤ አስተናጋጁ፥ ጉሊት ቸርቻሪዋ፥ የቀን ሠራተኛው ይራባሉ። ደጅ ዝጉ የሚል ሰው እጁን አይዝጋ፤ አለዚያ ከደዌ ያዳነውን በረኃብ ይገድለዋል።

በዚያ ፋሲካ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሳለሁ፥ ደጅ መጥናት የሚሉትን ቃል ያን ቀን ገና ተማርሁት፤ ደጅ የሚጠና ሰው ደጁ እንደሚከፈት ያምናልና። እግዚአብሔር ከመዓት ይሰውረን፤ የምንዘጋበትንና የምንከፍትበትን ጊዜ ያስታውቀን፤ አሜን።