ጸራቢው የሚባለው ሥራ

በማርቆስ ወንጌል 6፥3 የናዝሬት ሰዎች ጌታን «ጸራቢ» ያሉት አክብረው አይደለም፤ ተሰናክለውበት ነው። የግሪኩ ቃል «ቴክቶን» ይላል፤ ግንበኛንም ሊጨምር ይችላል። ለመሆኑ እንዲህ የናቁት የእንጨት ሥራ ምን ያህል ዕውቀት ይጠይቅ ነበር?

በ1986 እ.ኤ.አ. በድርቅ የተነሣ የገሊላ ባሕር ሲሸሽ፣ ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች በጌንሴሬጥ ዳርቻ ከጭቃ ውስጥ ጥንታዊ ጀልባ አገኙ። ርዝመቷ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ዘመኗም ጌታ በምድር ለተመላለሰበት ዘመን ቅርብ ነው። «የኢየሱስ ጀልባ» የሚሏት ብዙዎች ናቸው። ማስረጃ ስለሌለው እኛ እንዲህ አንላትም።

የሚያስደንቀን አሠራሯ ነው። ሳንቃዎቿ ጠርዝ ለጠርዝ የተጋጠሙ ናቸው። ጸራቢው በሁለቱም ሳንቃዎች ጠርዝ ላይ ትይዩ ጉድጓድ ይቦረቡርና ጠፍጣፋ ምላስ መሰል እንጨት ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ያስገባል። ከዚያ ሳንቃውንና ምላሱን አንድ ላይ በስቶ የእንጨት ችካል ይመታበታል። ከዚህ በኋላ ምላሱ ወደ ኋላ አይወጣም። ውሃ ሲነካው ደግሞ እንጨቱ ያብጥና ግጥሙ ይጠብቃል። ጉድጓዱ ከሰፋ ጀልባዋ ታፈስሳለች፤ ምላሱ ከወፈረ ሳንቃው ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ በእጅ መሣሪያ!

ባለቤቷ ሀብታም የነበረ አይመስልም። ከተለያዩ ዛፎች የተለቃቀመ እንጨት አለባት፤ ከታች የተጋደመው ዋና ግንዷ እንኳ በከፊል ከሌላ አሮጌ ጀልባ የተወሰደ ነው። እንጨቱ ተራ ነው፤ ግጥሙ ግን ተራ አይደለም።

ጥበቡ ከዚያም በፊት የታወቀ ነው። በዘጸአት 26 የማደሪያው ድንኳን 48 የግራር ሳንቃዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ማጋጠሚያ ነበራቸው፤ እነዚህም በብር እግሮች ውስጥ ይገቡ ነበር። ዕብራይስጡ እነዚህን ማጋጠሚያዎች «እጆች» ይላቸዋል። እኛ ይህን ስም ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ማሽን ያንኑ ጉድጓድ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ድካም ይቀንሳል፣ መቶውንም እኩል ያወጣል። ልኩን ምልክት የሚያደርገው፣ የእንጨቱን ጭረት አይቶ ምላሱን በየት በኩል እንደሚቆርጥ የሚወስነው ግን አሁንም ሰው ነው። በተሳሳተ ምልክት ላይ ማሽኑ ስሕተቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም።

ጀልባዋ እንጨቷ እንዳይፈራርስ ለዓመታት በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ ቆይታ፣ አሁን እዚያው ባሕሩ ዳርቻ በሙዚየም ትታያለች።