ፊደል ያልያዘው ቃና

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ፣ የቤንች ሕዝብ ወንዶች ሩቅ ያለን ሰው በፉጨት ማነጋገር ያውቁበታል። አንዱ ከንፈሩን አሹሎ፣ ሌላው ሁለት መዳፉን ገጥሞ ያፏጫል። አምስት አውታር ያለው ክራርም ለዚሁ ሥራ ይውላል። በፉጨቱ ውስጥ ተነባቢም አናባቢም የለም፤ ያለው ቃና፣ ማለትም የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ ብቻ ነው። ቤንችኛ ስድስት ቃና አለው፤ አምስቱ በየደረጃቸው ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሲሆኑ አንዱ ከታች ወደ ላይ የሚነሣ ነው። ቀጥ ያሉ አምስት ቃናዎች ያሉት ቋንቋ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ሰሚው የጎደለውን ድምፅ ከነገሩ አካሄድ እየሞላ መልእክቱን ይረዳል።

ጽሕፈቱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቋንቋው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ላቲን ፊደል ሳይዞር አዲስ ኪዳን በቤንችኛ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ቃናው ግን አልተጻፈም። ፉጨቱ ቃና ይዞ ፊደል ይተዋል፣ ወረቀቱ ፊደል ይዞ ቃና ይተዋል። አንባቢው ፊደሉን አንድ ሳያስቀር ቢያውቅም ቃሉ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ሲገባው ነው።

አማርኛ አንባቢ ይህን የሩቅ አገር ጉድ እንዳያደርገው። «ገና አልደረሰም» የሚለውን ይመልከት። «ና» ከላላች አንድ መንገደኛ ዘግይቷል፤ ከጠበቀች በዓሉ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ የሚፈርደው የአንባቢው መረዳት ነው።

የቤተ ክህነት መምህራን ፊደሉ ብቻውን እንደማይበቃ ከጥንት ያውቃሉ። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን ዘልቆ፣ የዮሐንስን መልእክት ይይዛል፤ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባሉትን የአነባበብ ሥርዓቶች የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነው። ትርጉሙ ግን ለሌላ ዘመን ይቀጠራል። ዳዊት የደገመ ልጅ የግዕዙ ምስጢር ሳይገባው ወደ እርሻው ሊመለስ ይችላል፤ ትርጓሜ የሚደርሰው ዓመታት ቆይቶ መጻሕፍት ቤት ለገባ ነው። አሠራሩ ሊቃውንት ማፍራቱ አያጠያይቅም። ብዙኃኑን ግን ድምፁ ላይ ጥሎ ሄዷል፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ከዚህ ልማድ የተላቀቀ አይመስልም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገሩን በአንድ እግሩ አቆመው። በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ደረሰ፤ ዩኔስኮም ሸለመው። ከ15ቱ አንዱ ከፋ-ሞቻ ነበርና ቦንጋና ማሻ አካባቢ ያሉ ቡና ለቃሚዎች በአፍ መፍቻቸው ፊደል መቁጠር ቻሉ። ቤንችኛ ከዝርዝሩ አልገባም። የማስተማሪያው ፊደል ግዕዝ ነበር፤ በኋላ ግን የከፋው ቋንቋ ከፊኛም በላቲን መጻፍ ጀመረ። በዘመቻው የተማረ አያት የልጅ ልጁን ደብተር ቢያነሣ ቋንቋው የራሱ፣ ፊደሉ የባዕድ ይሆንበታል። ሸክላ ሠሪዋ ሸክላው ሳይደርቅ ቅርጹን ብትቀይር ማን ምን ይላታል? እዚህ ግን ደርቆ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ፊደል የለየ ሰው ነው፤ የገባውን ለይቶ መቁጠር እምብዛም አይታይም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሁለቱን ለይቶ ጠየቀ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ካነበቡት ታሪክ አንድም ጥያቄ መመለስ ያቃታቸው ደግሞ 48 በመቶ ሆኑ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ቢያንስ ጥቂት ቃል አንብበዋል፤ ታሪኩ ግን አልያዛቸውም።

ከዚያ በአሜሪካ ድጋፍ አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርት በሰባት ቋንቋዎች ተዘጋጀ፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ። ቤንችኛና የጎረቤቱ ሸኮኛ አሁንም ከውጭ ቀሩ፤ በዘመቻው ገብቶ የነበረው ከፊኛም አብሯቸው ቀረ።

በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እቤት ቤንችኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ ስለዚህ የአማርኛውን ምንባብ ጣቱን ከመስመሩ በታች እየጎተተ ይወጣዋል፤ «ገና»ን የሚያጠብቃት ወይም የሚያላላት ግን በግምት ነው። መምህሩ «ጎበዝ! ቀጣይ!» ካለው ግምቱ ተሸፍኖ ያልፋል። «እስቲ ያነበብከውን በቤንችኛ ንገረኝ» ካለው ግን ልጁ መንገደኛውን ይሁን በዓሉን እንዳነበበ ወዲያው ይታወቃል። ይህ አዲስ መጽሐፍም በጀትም አይጠይቅም፤ የሚዛንና የአካባቢዋ መምህራን ነገ ጠዋት ይሞክሩት።