የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ በዕድሜ ለገፉ እናቶች

የጡት ካንሰር በዓለምም ኾነ በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 እ.ኤ.አ. በ2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች ላይ በሽታው ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት በዓለም ዙሪያ 670 ሺህ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ብዙዎች የጡት ሕመምን ከምታጠባ እናት ጋር ብቻ ያያይዙታል። ነገር ግን ሴት ልጅ ካረጠች በኋላም ስጋቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል።

ቅድመ ምርመራ ምንድን ነው?

ቅድመ ምርመራ ምልክት ሳይታይ በሽታውን ፈልጎ ማግኘት ነው። ዋናው መሣሪያ ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ ሲኾን በእጅ የማይዳሰስ ዕጢን ጭምር ሊያሳይ ይችላል። በዕድሜ የገፋች ሴት ጡት ውስጥ ስብ ስለሚበዛ ምስሉ ከወጣቶች ይልቅ ጠርቶ ይታያል።

በአሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ምክረ ሐሳብ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ ይላል። ከ75 ዓመት በኋላ ግን ውሳኔው እንደየሰው ጤንነት ይለያያል። ምርመራው በዝግታ የሚያድግና ጉዳት ላያደርስ የሚችል ዕጢ አሳይቶ ለማያስፈልግ ሕክምና ሊዳርግ ስለሚችል ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል።

ማሞግራፊ በሌለበትስ?

በገጠር መሣሪያው በቅርብ አይገኝም። በዚህ ጊዜ የሠለጠነ ባለሙያ በእጅ ዳስሶ የሚያደርገው ምርመራና ምልክቶችን ቀድሞ ማወቅ ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የሚከተሉት ከታዩ በማንኛውም ዕድሜ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፡-

• በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት
• የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መኾን
• የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ያለው ፈሳሽ ወይም የማይድን ቁስል
• የአንድ ጡት ቅርፅ ወይም መጠን መለወጥ

እብጠቱ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። አሳሳቹም ይኸው ነው፤ ስለማያም "ይተወኛል" ተብሎ አዝመራው እስኪሰበሰብ ወይም በዓሉ እስኪያልፍ ይቆያል። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እርግጠኛ ለመኾን ግን ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ታካሚዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ጊዜ አንስቶ ውጤቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲታወቅ ይመክራል።

ወዴት ይኬዳል?

በቀበሌ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ጤና ጣቢያው አስፈላጊ ኾኖ ሲያገኘው ወደ ሆስፒታል ይልካል። ጸበል የሚጠመቁ እናቶችም የሐኪም ምርመራቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

ዕድሜ ብቻውን ሕክምና የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። በአረጋውያን ላይ የሚገኘው ዕጢ ብዙ ጊዜ ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ የሚሰጥ በመኾኑ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ሊታገዝ ይችላል። እናቶች ሕመማቸውን በሃፍረት ወይም ለልጆቻቸው ሸክም ላለመኾን ሲሉ ሊደብቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ልጆች እናቶቻቸውን ቀድመው ሊጠይቁና ወደ ጤና ተቋም ይዘው ሊሄዱ ይገባል።