ከሽመንደፈር እስከ ናጋድ፦ ሐዲድና ከተማ



የጅቡቲ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ የሚያነሳ ሁሉ ባቡሩን ሊዘል አይችልም። ብዙዎቻችን፣ ካልሆነም ወላጆቻችን፣ ወደዚህች የወደብ ከተማ የመጣነው በእሱ ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን ማስወጣቱ ግን አስቸጋሪና ውድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በግርጌው ቆላ አለፈ፤ በ1902 በደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ብዙውን ገበያዋን ለዚህች ታናሽ እህቷ ለቀቀች። አንድ የመሐንዲስ ውሳኔ የሁለት ከተሞችን ዕድል ለወጠ።

ኩባንያው ስለከሰረ ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። በ1908 አዲስ ውል ተፈርሞ፣ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ገበያ ቆመ፤ አዋሽ፣ አይሻ፣ አሊ ሳቢህ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። «ለገሃር» የሚለውን ስምም ከፈረንሳይኛ ያወረሰን ይኸው ሽመንደፈር ነው።

አሮጌው መስመር ሲደክም አዲሱ ታቀደ። አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ብድር፣ ሠሪዎቹም ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህ ባቡር፣ የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ሆኖ፣ በጥቅምት 2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱም በጥር 2018 ተጀመረ። በጭነት መኪና ቀናት የሚፈጀው መንገድ በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ።

ነገር ግን ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ጠባብ መታጠፊያና ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም፤ ሰፊ መሬትም ይፈልጋል። የአብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በር ጅቡቲ ስለሆነች ቅድሚያው ለጭነት ሆነ። በዚህም ጣቢያዎቹ ከከተሞች መሐል ወጡ፤ ናጋድም፣ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም ዳር ላይ ናቸው። ሻንጣና ልጅ ይዛ ለዘመድ ጥየቃ የምትሄድ እናት ከባቡሩ ትኬት በላይ የታክሲው ሒሳብ ያሳስባታል።

በ2024 የመስመሩ ሥራ ከቻይናውያን ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እጅ ተላልፏል። ደስ ብሎናል። የነገዎቹ አቃጆች ከልጆቻችን መካከል ሊወጡ ይችላሉና አደራችን ይህ ነው፦ ሐዲድ ስታሰምሩ ኮንቴይነሩን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ቁጠሩ። ባቡር የሚያልፍባትና ባቡር የሚቆምባት ከተማ ዕድላቸው አንድ አይደለም።