ቃል የሌለው ዜማና የሕይወት ታሪክ

የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ ከጎሮ ወዲያ ሶፍ ዑመር ሲደርስ፥ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አበጅቷል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ያየ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩን በቃል የነገረንም የለም። ይሁን እንጂ በዋሻው ውስጥ ቆሞ የውኃውን ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው፥ ያላየውን ዘመን በልቡ መሣሉ አይቀርም። ቃል የሌለው ሙዚቃ በሲነማ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ይመስላል።

የሩስያው ደራሲ ስትራቪንስኪ በ1913 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ያሰማው «የጸደይ ሥርዓት» የተደረሰው ለጥንታዊት ሩስያ የመሥዋዕት ጭፈራ ነበር። በ1940 ግን ዋልት ዲስኒ «ፋንታሲያ» በተባለው ፊልም ያንኑ ሙዚቃ ለሌላ ታሪክ አዋለው፤ ምድር ከእሳት ስትወጣ፥ ሕይወት ከደቃቅ ፍጥረት ተነሥታ ስትለዋወጥ፥ ታላላቆቹ እንስሳትም ሲጠፉ አሳየበት። ለአንድ ነገር የተደረሰ ዜማ ያልታሰበለትን ታሪክ ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን ከእረኛው ዋሽንት በቀር የዜማ መሣሪያ በአብዛኛው የቃል አገልጋይ ነበር፤ በገናው ለምስጋናው፥ መሰንቆው ለግጥሙ ይሰለፋል። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናሱን መሣሪያ ሲነፉ፥ ያለ ዘፋኝ የሚደመጠው ሙዚቃ በቤተ መንግሥት ስፍራው ሰፋ። ከዚያም በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ፥ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን፥ የአገራችንን ቅኝት ወደ አዲስ መሣሪያ አሻገሩት።

እነዚህ ዜማዎች በሲነማም ሁለተኛ ሕይወት አገኙ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ፥ አንድ ኢትዮጵያዊ ለአሜሪካዊ ጎረቤቱ የመንገድ ስንቅ እንዲሆነው የሙላቱን ሙዚቃ ሲሰጠው ያሳያል፤ ያረጀ ፍቅሩን ፍለጋ የሚንከራተተውም ሰው ብቸኝነቱን በ«የከርሞ ሰው» ዜማ ይዞ ይጓዛል። በ2020 ደግሞ ጋሬት ብራድሊ «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልሟ፥ 60 ዓመት የተፈረደበትን ባሏን ሃያ ዓመት ያህል የጠበቀች የአንዲት እናት ኑሮ በእማሆይ ፒያኖ አጅባ አቀረበች። ልጆቹ በፊታችን ያድጋሉ፤ እናቲቱ ትጎለምሳለች፤ ከአዲስ አበባ ተወልዶ እስከ ኢየሩሳሌም ገዳም የተሰደደው ዜማም የእነርሱ ትዝታ ሆኖ ይደመጣል። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዜማቸው ገና በጉዞ ላይ ነበር።

ዜማ እንደ ሕያው ፍጥረት ነው። በሰነቴ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፥ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የተኩላ ዘመድ ነው፤ በደጋው አይጥና ፍልፈል ለመኖር አፈ ሙዙ ቀጥኖ ረዝሟል። ትዝታና አንቺሆዬም በናስ፥ በፒያኖና በቫይብራፎን ሲያድሩ መልካቸው ተለወጠ እንጂ ዘራቸው አልጠፋም። ስፍራ ያጣ ፍጥረት ግን ይጠፋል፤ ዛሬ በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ይኖራሉ።

እንግዲህ የጎሮም ሆነ የሮቤና የጎባ ተማሪ ይህን ያስብ። ዜማችን የሩቅ ሰዎችን ኑሮ ሊተርክ ከቻለ፥ የወይብን ሥራና የሰነቴን ፍጥረት ለመተርክ ምን ይሳነዋል? የሌላው አገር ባለሙያ ለዜማችን ታሪክ ሰጥቶታል፤ ክብር ይገባዋል። ለገዛ ምድራችን ታሪክ ዜማ መስጠት ግን የእኛ ዕዳ ነው።