ከግመል ጀርባ እስከ ኩሽኔታ፦ የይፋት ገመገምና የጭነት መኪና

ከሸዋ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው ገመገም ለብዙ ዘመን የጭነት ማዛወሪያ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በአፋር በረሃ በኩል ከባሕር ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን በግመል አድርሶ ከተራራው ግርጌ ያራግፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን የሚወጡት በቅሎና አህያ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአንኮበር አጠገብ የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ስሙ እንዲገን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ግመል የደጋውን ብርድና ገደል አይችልም፤ የደጋ በቅሎም የቆላውን ሐሩር አይወድም። ስለዚህ ሁለቱ አየሮች ሁለት ዓይነት አጋሰስ ነበራቸው።

የጭነት መኪና ይህን ልማድ ሻረው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚያልፈው መንገድ ሲሠራ፣ በጣርማ በር 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ተፈለፈለ። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ሸዋ ሮቢት ግን በ1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው በደብረ ሲና በኩል በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከ1700 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ጭነቱም፣ ተሸካሚውም አይለወጥም። ቀድሞ በእንስሳት መለዋወጥ ይቃለል የነበረው ድካም ሁሉ በአንድ መኪና አካል ላይ ወደቀ።

ድካሙ በተለይ የሚያርፍባቸው ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። አንደኛው ጎማው በአክስሉ ጫፍ ላይ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ዘንግ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያስችለው ክሮቸራ ሲሆን፣ የፊት እግራቸው በሚነዳ መኪናዎች ላይ ወደ ፊት በሚሄደውም ዘንግ ላይ ይገኛል። የክሮቸራ አሳብ በ16ኛው መቶ ዘመን ከኖረው ኢጣሊያዊ ሊቅ ከካርዳኖ ስም ጋር ይያያዛል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ አሠራሩን መረመረ፤ አሜሪካዊው ስፓይሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ለአውቶሞቢል የሚሆነውን አስመዘገበ። ሾጣጣ ሮለር ያለውን ኩሽኔታ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 አስመዝግቦ ነበር።

ስሞቹ ወደ አማርኛ የገቡት ግን ከኢጣሊያንኛ ነው። ኩሽኔታና ክሮቸራ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ዳዶ ሁሉም የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። ከድሉ በኋላ በአገሪቱ ከቀሩት ኢጣሊያውያን አያሌዎቹ በጋራዥና በጭነት ሥራ ቆይተዋል፤ ሥራውን ከእነርሱ የተማረው ኢትዮጵያዊ መካኒክም ቃሉን ከእጅ ሙያው ጋር ወረሰ። በኋላ በመንገዱ ላይ ስሙ የገነነው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» መባሉም በኢጣሊያንኛ ሦስት «ትሬ» ስለሚባል ነው።

ቁልቁለቱ ኩሽኔታን፣ ዳገቱ ክሮቸራን ይፈጃል። ባለሙያ ሾፌር ከጣርማ በር የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ እንደ ሆነ ግን የፊት ታምቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ጎማው እምብርት ይሻገራል፤ ግሪሱ ቀጥኖ ይፈሳል። ያረጀው የዘይት መከልከያ ካሳለፈው ግሪሱ የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል፤ ያን ጊዜ ኩሽኔታው ሳያልቅ ፍሬኑ ይከዳል። በክረምትም ጎርፍ በሚያቋርጠው መንገድ የጋለው እምብርት ድንገት ሲቀዘቅዝ ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በመልሱ ጉዞ መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወጣ ክሮቸራው ከፍተኛውን የጠመዛ ኃይል ይሸከማል፤ በአራቱ ጫፎቹ ያሉት የመርፌ ሮለሮች ግሪስ ካጡም ብረቱን ይቦረቡሩታል።

የለውጡ ሥራ ጥንቃቄ እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ታግደው፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጉድለቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ጎማው ለመሪ የሚዞርበትን ፐርኖ መመርመር ይገባል። ኩሽኔታው ሲለወጥ የውጭ ቀለበቱም አብሮ መለወጥ አለበት፤ አዲስ ሮለር ባረጀ ቀለበት ላይ ቢሄድ ዕድሜው አጭር ነውና። ዳዶው ጎማው እየዞረ ይጠብቃል፤ ከዚያም የተወሰነ ያህል ይላላል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ይቃጠላል፤ ከመጠን በላይ የላላ ይንገጫገጫል። የክሮቸራው ዘንግ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበታል፤ የታጠፈ ክሮቸራ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚፈጥንና ስለሚዘገይ፣ ይህን የሚያቻችለው የሁለቱ ጫፎች ሹካ በአንድ መስመር ላይ ሲውል ብቻ ነው።

ነገሩ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የጭነት መኪና እጥረት ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄድ እህል ከአዲስ አበባ ሲነሣ ይህንኑ ገመገም ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይዘልቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ኩሽኔታ የነከሰበት መኪና ሲቆም የቆመው ብረት ብቻ አይደለም፤ በላዩ የተጫነው እህልም ከሚጠብቁት ሰዎች ይዘገያል።

የቀድሞው ነጋዴ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ግመሉን አራግፎ ያሳርፍ፣ ጀርባው መቁሰሉንም ያይ ነበር። መኪና ግን ደክሞኛል አይልም፤ ኩሽኔታው ድምፅ ሲያሰማም ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በማራገፊያው ስፍራ ይደረግ የነበረው ምርመራ ዛሬም ቦታውን ማጣት የለበትም። ከቁልቁለቱ በፊት ጎማውን ነቅንቆ፣ ከቁልቁለቱ በኋላ እምብርቱን ዳስሶ ማለፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን መኪናውን፣ ጭነቱንና የሰውን ሕይወት ነው።